የፅንስና የሕፃናት ሞትን በቀበሌ ደረጃ መመርመርና መከላከል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በየቀበሌው የጨቅላ ሕፃን ሞት መመርመሪያ ቅጽ ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ማህደር ውስጥ ይገባል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ምክንያት ሌላ ሕፃን ይቀበራል። ሥራው የሚከሽፈው ቅጹ ስለጎደለ አይደለም። ብዙው ሞት ሳይቆጠር ይቀራል፤ የተቆጠረው «ጥፋቱ የማን ነው?» በሚል ጥያቄ ይበላሻል፤ ከዚህ የተረፈው ደግሞ «ግንዛቤ ይፈጠር» በሚል ማንም በማይፈጽመው ውሳኔ ይዘጋል። ይህ መመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለጤና ጣቢያ አዋላጆችና ለእድርና ለአፎሻ (በሐረርጌ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) አመራሮች የተጻፈ ሲሆን፣ እነዚህን ሦስት ስህተቶች በቅደም ተከተል ለማረም ያገለግላል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሦስቱን ወሰኖች ይለዩ

ሞቶ የተወለደ የሚባለው እርግዝናው 28 ሳምንት ከሞላው በኋላ፣ ሳምንቱ ካልታወቀም 1,000 ግራምና ከዚያ በላይ እየመዘነ፣ የሕይወት ምልክት ሳያሳይ የተወለደ ፅንስ ነው። 28 ሳምንት በቤተሰብ አቆጣጠር ስድስት ወር ተኩል ገደማ ነው። በሕይወት ተወልዶ 28 ቀን ሳይሞላው የሞተ የጨቅላ ሕፃን ሞት ይባላል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለውን በሌላ ዝርዝር ይያዙ፤ ምክንያቱም መንስኤውም መፍትሔውም ይለያል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ብቻ የተነፈሰ፣ እጁን ያንቀሳቀሰ ወይም እትብቱ ሲመታ የታየ ሕፃን በሕይወት የተወለደ ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን «ሞቶ ተወለደ» ተብሎ ሲመዘገብ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዳንዱ ካለማወቅ ነው፤ አንዳንዱ ግን ጥያቄው አዋላጁ ላይ እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ ይዘው አይወስኑ፤ «ድምፅ አሰምቶ ነበር? ደረቱ ተንቀሳቅሶ ነበር?» ብለው ወሊዱ ላይ የነበረችውን አክስት ወይም አያት ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ጠያቂዎችን መምረጥና ዕቃ ማዘጋጀት

1. ሁለት ሰው ይመድቡ፤ አንዷ ትጠይቅ፣ አንዷ ትጻፍ። ያዋለደችው ወይም ሪፈር (ወደ ሆስፒታል ማስተላለፊያ) የጻፈችው ባለሙያ ከሁለቱ አንዷ መሆን የለባትም።

2. ቋንቋውን ከቤተሰቡ ጋር ያመሳስሉ። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ተናጋሪ እናት ዘንድ አማርኛ ብቻ የሚችል ጠያቂ መላክ ግማሹን ታሪክ መጣል ነው። ባልን፣ አማትን ወይም የቤቱን ልጅ አስተርጓሚ አያድርጉ።

3. የኢትዮጵያን፣ የአውሮፓውያንንና የሂጅራን ቀን ጎን ለጎን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ይያዙ። እናት «የወር አበባዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው» ወይም «ከጥምቀት ማግስት ነው» ካለች፣ የእርግዝናውን ሳምንት የሚያሰሉት ከዚህ ነው።

4. ለእያንዳንዱ ሞት መለያ ቁጥር ይስጡ። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ደብተር አንድ ብቻ ይሁን፤ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ደረጃ 2፦ ሞቱን ማግኘት

አዋቂ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። ሞቶ ለተወለደ ፅንስ ወይም ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ሕፃን ግን በአብዛኛው ይህ ሁሉ የለም፤ በሙስሊሙም ቤት ቀብሩ በዚያው ዕለት ያልቃል። ስለዚህ ወሬው እስኪመጣ ከጠበቁ አይመጣም። በየሁለት ሳምንቱ እነዚህን ይዙሩ፦ የጤና ጣቢያውን የወሊድ መዝገብ፣ የመቃብር ቆፋሪዎችን፣ ሬሳ የሚያጥቡ ሴቶችን፣ የአፎሻና የእድር ጸሐፊዎችን፣ የልምድ አዋላጆችን። እኔ ከሁሉም ይበልጥ የጠቀሙኝ የመቃብር ቆፋሪዎች ናቸው፤ ትንሽ ጉድጓድ የቆፈሩበትን ቀን አይረሱም። ሲጠይቋቸው ቁጥርና ሳምንት ብቻ ይጠይቁ፤ የቤተሰቡን ስም በሰው ፊት አያስጠሩ።

ቆጠራው ትክክል መሆኑን እንዲህ ይፈትሹ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው፣ በጠቅላላው 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ታይቷል። በዚህ ስሌት በዓመት 200 ሕፃናት የሚወለዱበት ቀበሌ ስድስት ያህል የጨቅላ ሞት ይጠበቅበታል። የእርስዎ ሪፖርት «ዜሮ» ካለ፣ ደስ ከመሰኘትዎ በፊት እንደገና ይዙሩ።

ደረጃ 3፦ ከእናት ጋር መነጋገር

መቼ? የለቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሂዱ። ከዚያ ከቀደሙ ሐዘኑ ትኩስ ነው፤ ከዘገዩ ደግሞ ሰዓቱ ከአእምሮ ይጠፋል።

1. እንደ ለቀስተኛ ይግቡ። እንደ ቤቱ እምነት «እግዜር ያጥናችሁ» ወይም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይበሉ፣ ይቀመጡ፣ ቅጹን ከቦርሳ አያውጡ።

2. ከጥያቄው በፊት የእናቲቱን ጤና ይጠይቁ፦ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከልክ ያለፈ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት አለ? ጡቷንም ይጠይቁ። ከወለደች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወተቱ ግጥም ብሎ ሲመጣ ማንም አስቀድሞ ያልነገራት እናት ብቻዋን ታለቅሳለች። ጡትን በሚደግፍ ልብስ መያዝ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማስታገስና ሕመሙ እስኪቀል ብቻ ጥቂት ማለብ እንደሚረዳ፤ ጡቱ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ያስረዷት።

3. የመጡበትን ምክንያት በግልጽ ይናገሩ፦ «ማንንም ለመክሰስ አልመጣንም፤ ሌላ እናት ይህ እንዳይደርስባት ምን መስተካከል እንዳለበት ከአንቺ ለመማር ነው። የማትፈልጊውን አትመልሺም።» ፈቃዷን ያግኙ፤ ያለፈቃድ ድምፅ አይቅዱ።

4. አንድ ክፍት ጥያቄ ይጠይቁና ዝም ይበሉ፦ «እህቴ፣ ካረገዝሽበት ጊዜ ጀምረሽ እንደሆነው ሁሉ ንገሪኝ።» ስትጨርስ ብቻ «ከዚያስ?» እያሉ ክፍተቱን ይሙሉ።

5. የሚከተሉት ሳይጠየቁ አይነሡ፦ ፅንሱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲንቀሳቀስ የተሰማት መቼ ነው? ምጡ ሲጀምር ይንቀሳቀስ ነበር? የእንሽርት ውሃው መቼ ፈሰሰ፣ ቀለሙስ? የሕፃኑ ቆዳ የተላጠ ነበር ወይስ ደህና? አለቀሰ? ጠባ? ከጡት ሌላ ምን ቀመሰ? መቼ ታጠበ? እትብቱ ላይ ምን ተቀባ?

ማስጠንቀቂያ፦ «ለምን ዘገየሽ?»፣ «ለምን ክትትል አልጀመርሽም?» የሚሉት ጥያቄዎች ንግግሩን ይዘጉታል። «ለመሄድ ስታስቡ ምን ምን ነገር ነበረባችሁ?» ይበሉ። ስለ ጫትም ሲጠይቁ ስለ ምግብና ስለ ውሃ በሚጠይቁበት ድምፅ ይጠይቁ፤ ሐረርጌ ውስጥ ጫት የዕለት ነገር ነውና ፊትዎን ካጠቆሩ የሚያገኙት መልስ «አልቅምም» ብቻ ነው።

ካልተሳካ፦ እናቲቱ ማልቀስ ከጀመረች እስክሪብቶውን ያስቀምጡ፤ ወሬውን ለመቀጠል አይቸኩሉ። ቤተሰቡ «የአላህ ፈቃድ ነው» ወይም «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ» ካለ አይከራከሩ፤ «አሜን» ብለው «የዚያን ዕለት ማታ እንዴት ነበረች?» ወደሚለው ይመለሱ። እንቢ ካሉ አመስግነው ይውጡ፤ ሞቱ ግን ከቆጠራ አይወጣም፤ ከጤና ተቋሙ ካርድ የተገኘው ብቻ ይመዝገብ።

በሐረር ከተማና በቀርሳ ወረዳ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፍበት «ቻምፕስ» የተባለ ጥናት አለ፤ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ከሞተው ሕፃን አካል በቀጭን መርፌ ናሙና እየተወሰደ የሞቱ መንስኤ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ቤተሰቡ ከዚህ ጋር ካገናኛችሁ ልዩነቱን አስረዱ፤ እናንተ የምትፈልጉት የጠፋውን ሰዓት ነው እንጂ ናሙና አይደለም።

ደረጃ 4፦ የሰዓት መስመር መሥራት

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሞት ያለውን በሰዓት ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ በግራ በኩል ቤተሰቡ ያለውን፣ በቀኝ በኩል ካርዱ ያለውን።

መጀመሪያ ግን ሰዓቱን አንድ ያድርጉት። ቤተሰቡ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለውን ባለሙያው በካርዱ ላይ 2:00 ብሎ ይጽፈዋል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በሰበሰብኩት ስብሰባ ላይ አንዲት አዋላጅ «ስድስት ሰዓት ሙሉ የት ነበርሽ?» ተብላ ግማሽ ሰዓት ስትፋጠጥ ቆይታ፣ ስድስቱ ሰዓት የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ብንጠይቃትም በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጣችም። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ቀይረው በቀይ ይጻፉ።

ከብዙ ታሪክ አዋሕጄ የሠራሁትን አንድ ምሳሌ እነሆ። ቦታው ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ ያለ የገጠር ቀበሌ ነው፤ እናቲቱ ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው።

ማታ 2፡00፦ ምጥ ጀመረ።
ሌሊት 6፡00፦ የእንሽርት ውሃ ፈሰሰ፤ አረንጓዴ ነበር።
ሌሊት 7፡00፦ ባል አምቡላንስ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ባጃጅ ፍለጋ ወጣ።
ሌሊት 9፡50፦ ባጃጅ ተገኘ።
ሌሊት 10፡30፦ ጤና ጣቢያ ደረሱ።
ሌሊት 11፡00፦ የፅንሱ የልብ ምት ዝግ ያለ መሆኑ ታወቀ፤ ሪፈር ተጻፈ።
ንጋት 12፡40፦ ሆስፒታል ደረሱ።
ጠዋት 1፡15፦ ተወለደ፤ 3,100 ግራም፤ አላለቀሰም።
ጠዋት 1፡50፦ ሞተ።

በዚህ ታሪክ ካርድ ላይ የምታነቡት «እናት ዘግይታ መጣች» የሚል አንድ መስመር ነው። መስመሩን ስትዘረጉት ግን ቤተሰቡ ለመሄድ የወሰነው ሌሊት 7፡00 እንደሆነ፣ መንገዱ 40 ደቂቃ ብቻ እንደሚወስድ፣ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ የጠፋው ተሽከርካሪ በመፈለግ እንደሆነ ይታያል። ከዚያም ሪፈር ከተጻፈ በኋላ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አለ፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱ መንገድ፣ ስንቱ መኪና መጠበቅ እንደሆነ ሾፌሩን ይጠይቁ። አረንጓዴው ውሃ ፅንሱ መጨነቁን ሊያመለክት የሚችል ምልክት ነበር፤ ይህን ቤት ውስጥ ያወቀ ሰው ነበር? አሁን የሚጠየቅ ነገር ተገኘ።

መዘግየቱን በሦስት ቀለም ይከፋፍሉት፦ ለመሄድ መወሰን፣ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ማግኘት። ሦስተኛውን አይዝለሉ፤ ባለሙያዎች ራሳችን ስለምንገኝበት በፍጥነት የምናልፈው እሱን ነው።

ደረጃ 5፦ ሞቶቹን አንድ ላይ ማየት

አንድ ታሪክ ያስተምራል፤ አሥር ታሪክ ግን አቅጣጫ ያሳያል። ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ ወደ ታች የልደት ክብደት፣ ወደ ጎን የሞተበት ጊዜ ይሁን። በየሣጥኑ አንድ ጭረት ይጨምሩ። ጭረቱ የበዛበት ሣጥን ትኩረት የሚሻውን ይነግራችኋል።

ቆዳው ተልጦ ከተወለደ፣ ሞቱ ከመወለዱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ገደማ ቀድሞ የተከሰተ ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ እርግዝና ክትትሉ ይመልከቱ። የደም ግፊት በየቀጠሮው ተለክቶ ነበር? 140/90 ወይም በላይ ሆኖ ዝም ተብሎ ነበር? የቂጥኝ ምርመራ ተደርጎ፣ በፔኒሲሊን መርፌ ታክማ ነበር? የደም ማነስስ? ድሬዳዋ ላይ ወባን አይርሱ፤ በ2014 ዓ.ም. በጋ በከተማው ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ወባ ነፍሰ ጡርን ለደም ማነስ፣ ፅንሱን ለክብደት ማነስና ለሞት ይዳርጋል።

ክብደቱ ደህና ሆኖ ቆዳው ሳይላጥ ሞቶ የተወለደ፣ ወይም በመጀመሪያው ቀን የሞተ ከሆነ፣ ምጡንና ማዋለጃ ክፍሉን ይፈትሹ። ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) በጊዜው ተሞልቷል ወይስ ከወሊድ በኋላ? የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ተደምጧል? ያላለቀሰው ሕፃን በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር አግኝቷል? አምቡ ባጉ ጠረጴዛው ላይ ነበር ወይስ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ውስጥ?

በመጀመሪያው ሳምንትና ከዚያ በኋላ የሞተ ከሆነ፣ ኢንፌክሽን፣ ብርድና አመጋገብን ይጠርጥሩ። «በድሬ ሙቀት ሕፃን ይበርደዋል?» የሚለውን ክርክር ለምጄዋለሁ። ይበርደዋል፤ እርጥብ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ቬንትሌተር (የአየር ማራገቢያ) ሥር ሲተኛ ወይም በዕለቱ ሲታጠብ ሙቀቱን ያጣል። ጤናማው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው፤ ሳይዘገይ ይደረቅ፣ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይሁን፣ እጥበቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ያለጊዜው ለተወለደና ክብደቱ ለአነሰ የካንጋሮ እንክብካቤ (ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስሮ ማቆየት) የግድ ነው። በተቃራኒው ቀን በወፍራም ብርድ ልብስ መጠቅለልም ያተኩሰዋል። «ሞቃት ነው» ተብሎ የሚሰጠው ውሃ ደግሞ ሌላው መዘዝ ነው፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ውሃውንም ይሸፍናል። ቅቤ ማስዋጥ፣ ስኳር ውሃ ማቅመስ፣ እትብት ላይ የሚቀባ ባዕድ ነገር፣ ግግና እንጥል ማስቆረጥ በመጠይቁ ከተደጋገሙ ለየብቻ ይቁጠሯቸው።

ደረጃ 6፦ የግምገማ ስብሰባ

ከስድስት እስከ አሥር ሰው፣ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ፣ ከሦስት የማይበልጥ ታሪክ። ሰብሳቢው የማንም የቅርብ አለቃ አይሁን፤ አለቃ በሰበሰበው ቦታ አዋላጅ እውነት አትናገርም።

1. ደንቡን ጮክ ብለው ያንብቡ፦ ስም አይጠራም፣ የተነገረ አይወጣም፣ ማንም በዚህ አይቀጣም።
2. የሰዓት መስመሩን ያንብቡ፤ አስተያየት ከንባቡ በኋላ ብቻ ይሰጥ።
3. በደህና የተሠራውን ይጥቀሱ።
4. በየክፍተቱ «ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?» ብለው ሦስት አራት ጊዜ ወደ ኋላ ይሂዱ። አምቡላንሱ ለምን አልተነሳም? ስልኩ ዝግ ነበር። ለምን? ሌሊት ተረኛ የተመደበው ሾፌር ቁጥር ለቀበሌው አልተሰጠም። እዚህ ያቁሙ፤ ይህ የሚስተካከል ነገር ነው።

ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ስም ሳይጠራም ሰው ይታወቃል። ስለዚህ ለማኅበረሰብ ተወካዮች የሚነበበው ቅጂ ላይ የሰፈሩን ስም፣ የእናቲቱን ዕድሜና የልጆቿን ቁጥር ያውጡ።

ካልተሳካ፦ ስብሰባው ወደ መካሰስ ከዞረ ሰብሳቢው «ይህች ባለሙያ ነገ ብትቀየር ችግሩ ይቆማል?» ብሎ ይጠይቅ። አይቆምም ከተባለ ችግሩ የአሠራር ነው፤ ወደ መስመሩ ይመለሱ። ካርድ «ጠፋ» ከተባለ፣ ለፍለጋ አንድ ሳምንት ሰጥተው ታሪኩን በቤተሰቡ ቃል ብቻ ይቀጥሉ፤ የካርዱ መጥፋትም እንደ ግኝት ይጻፍ።

ደረጃ 7፦ የሚፈጸም ውሳኔ መጻፍ

«ግንዛቤ ይፈጠር»፣ «ክትትል ይጠናከር»፣ «ትኩረት ይሰጥ» የሚሉ ሐረጎችን ከቃለ ጉባኤው ይሰርዙ። ውሳኔ ማለት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን ገንዘብና በምን እናውቃለን የሚለውን የያዘ ዓረፍተ ነገር ነው። ከላይ ለተጠቀሰው ታሪክ የሚሆን ናሙና፦ «የአፎሻው ጸሐፊ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌሊት ከሚሠሩ ሦስት ባጃጅ ሾፌሮች ጋር ይስማማል፤ ክፍያውን አፎሻው ይሸፍናል፤ ቁጥራቸው በእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ካርድ ጀርባ ይጻፋል፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ በየወሩ አንድ ሌሊት ደውላ መነሣታቸውን ትፈትሻለች።»

ለሌሎች ግኝቶችም እንዲሁ። ተረኛዋ አዋላጅ ሥራ ስትረከብ አምቡ ባጉን እጇ ላይ ጨምቃ አየር መግፋቱን አይታ ትፈርም። ክረምት ላይ ደረቅ ወንዝ በጎርፍ በሚሞላባቸው ቀበሌዎች የመውለጃ ጊዜያቸው ከሐምሌ እስከ ነሐሴ የሆኑ እናቶች በግንቦት ይለዩ፤ ቀናቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ እናቶች ማቆያ ይግቡ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጽፍ ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውሎ የደወለበትን ሰዓት ይመዝግብ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሮቶና በርሜል በሳምንት አንድ ቀን ክዳኑ ይታይ።

በአንድ ዙር ከሦስት ውሳኔ አይበልጡ። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን፣ ለምሳሌ የደም ባንክ ወይም የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጉዳይ፣ ለብቻው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለወረዳ ወይም ለጤና ቢሮ ላኩ፤ መልስ የሚጠበቅበትንም ቀን ጻፉ።

ደረጃ 8፦ መመለስ

ሦስት ወር ሲሞላ ሦስቱን ውሳኔዎች አውጥተው «ተፈጽሟል»፣ «አልተፈጸመም»፣ «ተፈጽሞ አልሠራም» በሚል ይለዩ። ሦስተኛው ከሁሉ ይጠቅማል፤ ባጃጁ እየተነሣ ሰዓቱ ካላጠረ የገመታችሁት ክፍተት ትክክለኛው አልነበረም ማለት ነውና ወደ ሰዓት መስመሩ ይመለሱ።

እናቲቱም ዘንድ አንድ ጊዜ ይመለሱ። የስብሰባውን ዝርዝር አይናገሩ፤ ምን እንደተለወጠ ብቻ ይንገሯት። ቀጣይ እርግዝና ካሰበች ከማርገዟ በፊት ፎሊክ አሲድ እንድትጀምር፣ ካረገዘች 12 ሳምንት ሳይሞላ ክትትል እንድትጀምርና ያለፈውን ሞት ለአዋላጇ በመጀመሪያው ቀን እንድትናገር ያስረዷት። የባጃጅ ሾፌሮቹ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድም ይስጧት።